ፈርደውልኝ የምይዘው ንብረት ጠፋ፤ የሕግ ሰዎች እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ በንግድ ሕግ ላይ ለምትሠሩ። ለአንድ የግንባታ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ብረት በዱቤ አስረከብኩ። ሳይከፍሉኝ ሲቀሩ ከስሼ ተፈረደልኝ። አፈጻጸም ላይ ስንደርስ ግን በማኅበሩ ስም ምንም የለም። ክሱ እየታየ ማሽኖቹን ወደ ሌላ ማኅበር አዙረዋቸዋል። ባለቤቶቹ ያው ባልና ሚስት ናቸው፣ ቢሮውም ያው ነው። የሠራተኞቼ ደመወዝ እዚያ ውስጥ ነው የቀረው፣ በጣም ጨንቆኛል።

ጠበቃዬ የእንግሊዝ ፍርዶችን መጥቀስ ይፈልጋል። በ1896 እ.ኤ.አ. በሳሎሞን ጉዳይ ማኅበሩና ባለአክሲዮኑ በሕግ ፊት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ ባለአክሲዮኑ በማኅበሩ ዕዳ በግሉ አይጠየቅም ተባለ። በ2013 እ.ኤ.አ. በፕሬስት ጉዳይ፣ ማለትም ሚስት በፍቺ ጊዜ በባሏ ማኅበራት ስም ያሉ ቤቶችን በጠየቀችበት ክርክር ደግሞ፣ ያለበትን ግዴታ ለማምለጥ ሆን ብሎ ማኅበር ከፊት የሚያቆም ሰው ይህን ከለላ ሊያጣ ይችላል ተባለ። ለእኔ ልክ ይመስላል። ግን የፕሬስት ሚስት እዚያ ያሸነፈችው በዚህ መርህ አይደለም፤ ቤቶቹ በእውነት የባልየው ናቸው ተብሎ ነው። ደግሞ እኛ ጋ ዳኛን የሚያስገድደው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም እንጂ የለንደን ፍርድ አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለዕዳ ገንዘብ ጠያቂውን ለመጉዳት ያደረገውን ውል መቃወም ይፈቅዳል። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ከባለአክሲዮኖቹ የግል ተጠያቂነት ጋር በአንድ ክስ ማቅረብ ይቻላል? በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለአክሲዮንን በግል ያስጠየቃችሁ ካላችሁ፣ ምን ማስረጃ ሠራላችሁ? የባንክ እንቅስቃሴ? የሊብሬ ዝውውር? ማሽኖቹ እንደገና ሳይሸጡ እግድ የማወጣበትን መንገድ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ቶሎ ጻፉልኝ።