ወንድሜ ለማስተርስ በርሊን ሊሄድ ነው፤ «ኩፍር አገር መኖር ሐራም ነው» ለሚሉን ምን እንመልስ?

ኡሙ ሐናን (ባሕር ዳር) ጠየቀች፦

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ታናሽ ወንድሜ በርሊን የሁለት ዓመት የማስተርስ ዕድል አግኝቷል። ወጪው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ይነሳል። እናታችን ፈቅዳለች። አጎታችን ግን «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሙሽሪኮች (ጣዖት አምላኪዎች) መካከል ከሚኖር ሙስሊም ሁሉ የጠራሁ ነኝ ብለዋል፤ በቃ» ብለው ቆርጠዋል። ኪታብ የቀሩ (የተማሩ) ትልቅ ሰው ናቸው፤ በስሜት ልንመልስላቸው አንፈልግም። ሐዲሱ እንዴት ነው የሚታየው? ልጁስ ከመነሳቱ በፊት ምን ያስተካክል? እዚያ ከደረሰ በኋላ ሰላትና ምግብ ላይ ሰው የሚሳሳተው የቱ ጋ ነው? «ኒያው ከጠራ ችግር የለውም» የሚለውን ብዙ ሰምተናል፤ ዝርዝር ያለው ሰው ይጻፍልን።

አቡ ሙዓዝ፦

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አጎትሽ የጠቀሱት ሐዲስ አለ፤ ከጀሪር ኢብን ዐብደላህ የተላለፈ ነው፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ሰነዱ (የዘጋቢዎቹ ሰንሰለት) ላይ ንግግር አለ። ቲርሚዚ ከቡኻሪ ጠቅሰው እንዳስቀመጡት ትክክለኛው ሙርሰል ነው፤ የሶሓባው ስም በሰንሰለቱ ውስጥ የለም ማለት ነው። ግን ያጸደቁት ዑለማዎችም ስላሉ በሰነድ ብቻ አትከራከሯቸው፤ ይህን ከእናንተ በላይ ሊያውቁት ይችላሉ።

ዋናው ነገር ሐዲሱ የመጣበት ምክንያት ነው። ወደ ኸስዐም ጎሳ የተላከ ጦር ሲደርስ እዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ሙስሊምነታቸውን ለማሳየት ሱጁድ ወረዱ፤ በግርግሩ ተገደሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግማሽ የደም ካሳ እንዲከፈል አዘዙ፤ ቃሉንም የተናገሩት ያኔ ነው። ጉዳዩ ከተዋጊ ጠላት ጋር ተቀላቅሎ መኖር ነበር። የሱረቱ ኒሳእ 97ኛው አንቀጽም እንደዚሁ ነው፦ ቡኻሪ ከኢብን ዐባስ እንደዘገቡት መካ ቀርተው የሙሽሪኮችን ቁጥር ስላበዙ ሰዎች የወረደ ነው። ቀጥሎ ያለው 98ኛው አንቀጽ ደግሞ መውጫ የሌላቸውን ደካሞች ነጥሎ ያወጣል። አንዱን አንብቦ ሌላውን መተው አይሆንም።

ፉቀሃዎች (የፊቅህ፣ ማለትም የዲን ሕግ ሊቃውንት) እነዚህን አሰባስበው ሑክሙን (ብያኔውን) ከፋፍለውታል። ኢብን ቁዳማ ሦስት ቦታ ያደርጉታል፦ ዲኑን በግልጽ መፈጸም የማይችልና መውጣት የሚችል ሂጅራ (መሰደድ) ግዴታው ነው፤ መውጣት የማይችል ግዴታ የለበትም፤ ዲኑን በግልጽ መፈጸም የሚችል ሰው ግን መውጣት ይወደድለታል እንጂ አይገደድም። ማወርዲማ ዲንን በግልጽ መፈጸም ከተቻለ እዚያው መቆየቱ ይበልጣል እስከማለት ደርሰዋል፤ ሌላው ወደ እስልምና ይገባል ተብሎ ይከጀላልና። እንግዲህ ጥያቄው ልጁ እዚያ ሰላቱን፣ ጾሙን፣ ጁሙዓውን በግልጽ ይፈጽማል ወይ የሚለው ነው። በርሊን ላይ ይህ የሚቻል ነው፤ መስጊዶች ሞልተዋል።

አንድ ነገር ለአጎትሽ በአክብሮት ብታነሱላቸው ጥሩ ነው፦ ሙስሊም ባልበዛበት ቦታ መኖር በራሱ ሐራም ከሆነ፣ ነገሩ በርሊን ከመድረሱ በፊት እኛው ባሕር ዳር ላይ ይነሳል። ሶሓባዎች ወደ ሐበሻ የመጡት እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ነው። የመዲና ሂጅራ 622 ላይ ነው፤ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብና አብረዋቸው የነበሩት ግን መዲና የገቡት በኸይበር ጊዜ፣ በ628 ነው። መዲና ክፍት ሆና ስድስት ዓመት በክርስቲያን አገር ቆይተዋል፤ የወቀሳቸውም የለም።

በጥብቅነት የሚታወቁት ኢብን ዑሠይሚን እንኳ በሩን አልዘጉትም፤ ሦስት ሸርጥ (ቅድመ ሁኔታ) ነው ያስቀመጡት፦ ሹብሃን (ጥርጣሬን) የሚመክትበት ዕውቀት፣ ስሜቱን የሚገታበት ዲን፣ እና ለመሄድ በቂ ሐጃ (ጉዳይ)። የልጁ ትምህርት ሦስተኛውን ያሟላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከአጎቱ በላይ የሚመዝን ስለሌለ «ይፍቀዱልን» ከማለት «እስኪ ይፈትኑት፤ የጎደለውን ያስተምሩት» ብትሏቸው ይሻላል። እስከ መስከረም ጊዜ አለ።

ሙሳፊር፦

አቡ ሙዓዝ ጥሩ ብለሃል፤ የሐበሻውን ደሊል (ማስረጃ) ግን አታጥብቀው። የማይስማሙት ሁለት መልስ አላቸው፦ ሶሓባዎቹ የሄዱት ከበደል ሸሽተው ነው እንጂ ፈልገው አይደለም፤ ነጃሺም በመጨረሻ ሰልሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሩቅ ጀናዛ ሰግደውለታል። አገሩ ክርስቲያን ሆኖ መቆየቱ እውነት ስለሆነ ደሊሉ ይሠራል፤ ብቻውን ግን አይቆምም። የኢብን ቁዳማን ክፍፍል አስቀድሙ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሰው «አገሩ የማን ነው» ላይ ሲጨቃጨቅ መንገዱንና ወረቀቱን መርሳቱ ነው። ቪዛ በፊቅህ አማን (የደኅንነት ዋስትና) ነው፤ የሁለት ወገን ውል። በአማን የገባ ሙስሊም የዚያን አገር ሰው ገንዘብ መንካት እንደማይችል ኢማሙ ሻፊዒ በግልጽ ተናግረዋል። የሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያም ውሎችን ሙሉ ይላል። ስለዚህ የተጭበረበረ ማስረጃ፣ የውሸት ጋብቻ፣ ቪዛ ካለቀ በኋላ ተደብቆ መቅረት፣ «ካፊር አገር ነው» ተብሎ ያለ ትኬት ባቡር መሳፈር ሳይቀር ክህደት ነው። ከሁሉም የሚከፋው ጥገኝነት ለማግኘት «ሃይማኖቴን ለውጫለሁ» ብሎ መፈረም ነው። የሱረቱ ነሕል 106ኛው አንቀጽ የሚምረው የተገደደውን ነው፤ መኖሪያ ፈቃድ የፈለገ ሰው ደግሞ አልተገደደም።

በዚህ ሚዛን ካየነው በጅቡቲ ኦቦክ በጀልባ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ለመግባት የሚሞክር ልጅ ከዚህ ተማሪ የባሰ ችግር ላይ ነው። መድረሻው የሙስሊም አገር ነው፤ መንገዱ ግን ሱረቱል በቀራ 195 «ራሳችሁን ወደ ጥፋት አትጣሉ» የሚለው ውስጥ ይወድቃል። እኛ አካባቢ በርሊን ሲባል ደንግጦ በኦቦክ ስለሚሄደው ዝም የሚል ሰው መብዛቱ ይገርማል።

ነጃት፦

ከመነሳቱ በፊት የሚደረገውን ልጻፍ። ዕዳ ካለበት ይክፈል፤ ጊዜው የደረሰ ዕዳ ያለበትን ሰው ባለገንዘቡ ከጉዞ ሊያስቀረው መብት አለው። ወሲያውን (ኑዛዜውን) ይጻፍ፤ ማን ምን እንዳለበት፣ እሱስ በማን ላይ ምን እንዳለው። እዚህ ቤት ወይም ቦታ ካለው ውልና ማስረጃ ሄዶ ለታመነ ሰው ውክልና ይስጥ፤ ከዚያ ሆኖ ውክልና መላክ ኤምባሲ ማመላለስ ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ ይበላል።

የእሱ ወጪ መሸፈኑ ትልቅ ኒዕማ ነው። በራሱ የሚሄድ ተማሪ ለቪዛው የታገደ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ እንዲያስገባ ይጠየቃል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ፣ በወር 992 ማለት ነው። ብዙዎች ወለድ ውስጥ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ «ሐነፊዎች በኩፍር አገር ወለድ ይፈቅዳሉ» ይላል። ይህ የአቡ ሐኒፋና የሙሐመድ አስተያየት ነው፤ አቡ ዩሱፍ ከዚያው መዝሀብ ሆነው አልተቀበሉትም፤ ሦስቱ መዝሀቦችም እንዲሁ። ደግሞም ያ አስተያየት ሙስሊሙ ትርፍ ስለሚቀበልበት እንጂ ስለሚከፍልበት አልነበረም።

የጤና መድን እዚያ በሕግ ግዴታ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ የከለከለው የንግድ ኢንሹራንስን ነው፤ መተጋገዝ ላይ የቆመውን ፈቅዷል። የመንግሥቱ የሕመም መድን ለትርፍ ያልተቋቋመ ስለሆነ ተማሪ ሆኖ መግባት ከቻለ እሱን ይምረጥ።

አንድ የሚያስደነግጥ ቅጽ አለ። ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ሲያስመዘግብ ሃይማኖት የሚል ሣጥን ያገኛል። ብዙ ሙስሊም «የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ዲን መካድ ይመስለውና ይጨነቃል። ሣጥኑ የሚጠይቀው ግብር የሚሰበሰብላቸው የሃይማኖት ድርጅቶች አባል ነህ ወይ ብሎ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ግብር፣ ከገቢ ግብሩ ላይ 8 ወይም 9 በመቶ። ሙስሊም ከነዚያ ስላልሆነ «አይደለሁም» ማለቱ ትክክለኛ መልስ ነው። በስህተት የአንዱን ቤተ ክርስቲያን ሣጥን የሞላ ግን ሥራ ሲጀምር ይቆረጥበታል።

ሚቃት፦

ሰላቱን እኔ ልውሰድ።

ሰላት ማሳጠር (ቀስር) የሚጀምረው የከተማው ቤቶች ከኋላ ሲቀሩ ነው፤ ቤት ውስጥ ሻንጣ እየዘጉ ቀስር የለም። ርቀቱ ከ80 ኪሎ ሜትር ወዲያና ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ጎንደር ቀስር አለው፣ ጎርጎራ በጀልባ ቀጥታ የሄደ ግን አይሞላለትም። ቦሌና የሚቀያይርበት ኤርፖርት ላይ ሙሳፊር (መንገደኛ) ነው። በርሊን ገብቶ ሁለት ዓመት ሊቀመጥ ከነየተ ግን በአራቱም መዝሀብ ሙሉ ይሰግዳል፤ ሻፊዒ ዘንድ የሚገባበትና የሚወጣበት ሳይቆጠር አራት ቀን፣ ሐነፊ ዘንድ 15 ቀን ለመቀመጥ መነየት ሙሳፊርነቱን ያቋርጣል። «እንግዳ አገር ነኝ» እያለ ሴሚስተሩን ሙሉ ሁለት ረከዓ የሚሰግድ አለ፤ አይሆንም።

አውሮፕላን ላይ፦ ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄደው በረራ የሌሊት ከሆነ መግሪብና ኢሻን ቦሌ ሰግዶ ይሳፈር። ችግሩ ሱብሂ ነው። ፍራንክፈርት ላይ በሰኔ ፀሐይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ስለምትወጣ አየር ላይ ያመልጣል፤ በታኅሣሥ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ20 ገደማ ስለሆነ ወርዶም ይደርስበታል። መስከረም መጨረሻ በመሃል ነው፤ የሚያርፍበትን ሰዓት አይቶ ይወስን። ሱብሂ ከምንም ጋር አይጣመርም። አየር ላይ ወቅቱ የሚታየው በመስኮት በሚታየው ሰማይ እንጂ ከታች ባለው ከተማ አይደለም። አስተናጋጆቹን አስፈቅዶ ከኋላ በኩል ቆሞ ይስገድ፤ ፉቀሃዎች ስለ መርከብ የጻፉት እዚህም ይሠራል። ካልፈቀዱለት ተቀምጦ ይሰግድና በሻፊዒ መዝሀብ ሲያርፍ ይደግመዋል።

ውዱእ ላይ የሚያስቸግረው እግር ነው። ከቤት ሙሉ ውዱእ አድርጎ ኹፍ ወይም የቆዳ ካልሲ ይልበስ፤ ለሙሳፊር ሦስት ቀንና ሌሊት ማበስ ይፈቀድለታል። ስስ የጥጥ ካልሲ ላይ ማበስ በመዝሀቦቹ አይበቃም። የቀረውን የሰውነት ክፍል አንድ አንድ ጊዜ ለማጠብ ግማሽ ሊትር ውኃ ይተርፋል።

ቂብላ፦ ባሕር ዳር ያደገ ሰው ጣናን ፊት ለፊት ይዞ መስገድ ለምዷል፤ ከዚህ ቂብላ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ከበርሊን ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ 137 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የስልክ ኮምፓስ ከብረት አልጋና ከማሞቂያ አጠገብ ይዋሻል። ግንቦት 20 ቀን ከቀኑ 6፡18፣ ሐምሌ 9 ቀን ከቀኑ 6፡27 በእኛ ሰዓት ፀሐይ ከካዕባ አናት ላይ ናት፤ የመካ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው። በርሊን ያኔ አንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች 5፡18 እና 5፡27 ላይ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ያያት ሰው ቂብላውን አገኘ። ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንዴ ምልክት ካደረገ ለሁለት ዓመት ይበቃዋል።

ወቅቶቹ ናቸው የሚያደናግሩት። በታኅሣሥ በርሊን ላይ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ከዙህር እስከ መግሪብ አራት ሰዓት አይሞላም። ከቀኑ 8 እስከ 10 የሚቆይ ክፍል ያለው ተማሪ ዐስርን በየቀኑ ያጣል፤ ስለዚህ ኮርስ ሲመዘገብ ዐስርንም ጁሙዓንም አይቶ ይምረጥ። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ደግሞ ሌሊቱ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም፤ የኢሻ ምልክት ይጠፋል። ዑለማዎች በደጃል ሐዲስ ላይ ካለው «ገምቱለት» ከሚለው ቃል ተነስተው ይገመታል ብለዋል፤ በአንድ ሰባተኛ ሌሊት የሚያሰሉ አሉ፣ በቅርብ አገር የሚያሰሉ አሉ። አፑ ላይ 18፣ 15፣ 12 ዲግሪ እያሉ መቀያየር ዋስዋስ (ከንቱ ጥርጣሬ) ነው፤ የሰፈሩን መስጊድ የሰዓት ሰሌዳ ይያዝ። ደግሞ ሰሌዳው 21፡33 ሲል በእኛ ከምሽቱ 3፡33 መሆኑን አይርሳ።

ረመዳን አሁን በክረምታቸው መጨረሻ ስለሚውል ጾሙ ከእኛ ብዙ አይለይም፤ በየዓመቱም 10 ወይም 11 ቀን ወደ ታኅሣሥ ስለሚጠጋ እያጠረ ይሄዳል።

ሀሊማ፦

ጀዛኩሙላህ ኸይር። ለእህትስ ያው ነው?

አቡ ሙዓዝ፦

መህረም (ልታገባው የማትችለው የቅርብ ወንድ ዘመድ) ወይም ባል አብሮ መሄዱ ይጨመራል። የአንድ ቀንና ሌሊት መንገድ ያለ መህረም እንዳትሄድ የሚለው ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ ነው። ሻፊዒዎችና ማሊኪዎች ለግዴታ ሐጅ ከታመኑ ሴቶች ጋር ፈቅደዋል፤ አንዳንድ የዘመኑ ዑለማዎች መንገዱ አስተማማኝ ሲሆን ወደ ሌላ ጉዞም አስፍተውታል፤ ሌሎች አልተቀበሉም። ግን ሸርጡ ለበርሊን ብቻ አይደለም። ብቻዋን ዱባይ ወይም ሪያድ ለቤት ሠራተኝነት የምትሄድ እህትም ያው ጥያቄ አለባት።

ኡሙ ሐናን፦

አላህ ይስጣችሁ፤ ለአጎታችን የኢብን ቁዳማውን አነበብንላቸው፤ «ጽሑፉን አምጡት» ብለዋል። ምግቡና ሥራው ቀረ።

ነጃት፦

እኛ ጋ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ተለይቶ ስለኖረ የአህለል ኪታብ እርድ ጉዳይ በተግባር አይነሳም። እዚያ ይነሳል። ሱረቱል ማኢዳ 5 የመጽሐፉን ሰዎች ምግብ ይፈቅዳል፤ ችግሩ ያለው አስተራረዱ ላይ ነው። የጀርመን ሕግ ልዩ ፈቃድ ከሌለ በቀር እንስሳው ሳይደነዝዝ እንዳይታረድ ይከለክላል፤ በኤሌክትሪክ ሲደነዝዝ ከቢላው በፊት የሞተ ዶሮ ደግሞ በክት ነው። የቱርኮች ሥጋ ቤት በየሰፈሩ አለ፤ እዚያም ቢሆን ማን እንዳረጋገጠው ይጠይቅ። ካልሆነ ዓሣ ይብላ፤ የጣና ልጅ ዓሣ አይከብደውም።

ዕቃ ሲገዛ «ሽቫይን» የአሳማ፣ «ሽማልትስ» የአሳማ ስብ፣ «ሽፔክ» የአሳማ ጮማ መሆኑን ይያዝ። ከረሜላ ውስጥ ያለው ጀላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ነው። ቪጋን የሚል ምልክት እንደ እኛ የጾም ምግብ ከሥጋና ከወተት የጠራ ነው፤ ከአልኮል ግን የጠራ ላይሆን ይችላል፤ ወይን ያለበት ስጎ አለ።

ሥራ ከፈለገ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለተማሪ የሚፈቀደው በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያ ማለፍ ወንድማችን ሙሳፊር ከላይ የጠቀሰውን አማን ይነካል። በቀላሉ የሚገኘው የምግብ ቤት አስተናጋጅነት ነው፤ ኸምር ማቅረብ ስላለበት አይሆንም፤ የተሸከመውም ያቀረበውም በሐዲሱ ተረግሟል። መጋዘን፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የመምህራን ረዳትነት ይፈልግ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ቋንቋ ብዙም አይጠይቅም፤ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ፕሮግራሞች ላይ ሴሚስተሩ ሳይጀመር ማመልከት ነው።