«አርታኢ ያላየው ጽሑፍ ወሬ ነው» ተባልን እንግዲህ

የጦሳ ልጅ፦ ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ በነበረ የንባብ ውይይት አንድ አንጋፋ ደራሲ «አርታኢ ያላየው ጽሑፍ ወሬ ነው» ብለው ቁጭ። በቴሌግራም ግጥምና ታሪክ የሚጽፈውን የሰፈር ልጅ ሁሉ ጠቅልለው ወሬኛ አደረጉት። ለማተሚያ ቤት የምንከፍለው ስለሌለን ነው? የወረቀቱን ዋጋ እኮ እሳቸውም ያውቁታል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ምን አጠፉ? ባለፈው አንድ «ልብወለድ» ከፈትኩ። ሴትየዋ ምዕራፍ ሁለት ላይ ተቀበረች፣ ምዕራፍ አምስት ላይ ሰኞ ገበያ ወርዳ በርበሬ ትሸምታለች።

የጦሳ ልጅ፦ በርበሬው ተወዶባት ይሆናል የተነሳችው 😄

ቦርከና፦ ወሬ ወሬ ትላላችሁ። ሸህ ጦልሃ ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማቸውን በአጀሚ፣ በዐረብ ፊደል ማለቴ ነው፣ ሲጽፉ የትኛው አሳታሚ ፈቀደላቸው? ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ፣ በየሐድራው፣ በየጸሎት ስብስቡ፣ እየተባለ እዚህ ደረሰ። ወሎ ማንንም ሳያስፈቅድ የጻፈው ስልክ ሳይመጣ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦ አያ ቦርከና፣ በራስህ ላይ መሰከርክ። ተማሪው ደረሳ ሲስት ሸህየው እዚያው ያርሙታል። ታዲያ ይሄ አርታኢ ካልሆነ ምንድን ነው? አንተን የሚያርምህ ላይክ ነው።

እመ ሰላም፦ «ወሬ» ያሉትን ቃል እኔ አልለቃቸውም። ታሪክ በክፍል በክፍል ነው የምለቀው። ጅዳ ሆና ማታ ሥራ ስትጨርስ የምታነበኝ የባቲ ልጅ አለች። ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ የጻፍኩትን አይታ፣ ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር ግመል ሊሸጡ የወረዱበትን ቀን በድምፅ ላከችልኝ። ቀጣዩ ክፍል ከዚያ ወጣ። የቱ አርታኢ ነው ይህን የሚሰጠኝ?

ሃረጎ ቁልቁል፦ ደስ ይላል እቱ። ግን ነፃ ነን አትበሉ፣ ቴሌግራም የናንተ አይደለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ዳታ ለወራት ሲዘጋ ያ ሁሉ ድርሰት የት ገባ? የታተመው መደርደሪያ ላይ ነበር።

ቦርከና፦ መደርደሪያ! በ2014 ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ መደርደሪያው ምን አዳነ?

ሃረጎ ቁልቁል፦ ሙዚየምን እዚህ ምን አመጣው? የራሳችሁን ገጽ ክፈቱ ነው የምለው። ዌብ የተፈጠረበት የአውሮፓ የምርምር ተቋም፣ ሰርን፣ እኮ ዌብን በ1993 እ.ኤ.አ. ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለቆታል። ፊደላችንም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ሁሉ በሚጋራው የፊደላት መለያ ውስጥ፣ አለ። ድሮ ፎንቱ የሌለው ሰው ጋ ስትልክ ዝብርቅርቅ ነበር የሚደርሰው። አሁን ሰበባችሁ ምንድን ነው?

የጦሳ ልጅ፦ ሰበቡ ዶላር ነው ጌታዬ። የገጹ ኪራይ በካርድ፣ ካርዱ በዶላር። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ማውራት ቀላል ነው።

ሃረጎ ቁልቁል፦ እኛ ሠርተን እንብላ እንጂ። እናንተ ደሴዎች ብርዱ ከቤት ስለማያስወጣችሁ ነው ገጣሚ የሆናችሁት።

ቦርከና፦ ጀመረው ደግሞ! የኮምቦልቻ ሙቀት ናላህን አዞረው እንዴ?

እመ ሰላም፦ ብርድና ሙቀታችሁን ተዉና ይህን መልሱልኝ። አንዱ ታሪኬን እንዳለ ገልብጦ፣ ስሜን አጥፍቶ ሌላ ቻናል ላይ ለጠፈው። «ወሬ» ከሆነ ለምን ይሰረቃል?

ፊደል ቆጣሪ፦ ወሬም ይሰረቃል። መብትሽ ግን ያው መብት ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ 410/1996፣ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ሥራሽን ከፈጠርሽበት ሰዓት ጀምሮ ያንቺ ነው። ክሰሺው።

እመ ሰላም፦ ማንን ልክሰስ? ሰውየው ስሙ «ፍቅር ያሸንፋል» ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቅዳሜ የተናገሩትን ደራሲ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ያለው ይልቀቅልን 🙏

ፊደል ቆጣሪ፦ በሉ፣ ነፃነታችሁ መጣላችሁ።

የጦሳ ልጅ፦ እሱ የኛ ሰው አይደለም፣ ማን አስገባው?