የምናባዊ ልቦለዴን ቀጣይ ክፍል በማን ስም ላሳትም?

በግሌ ወጪ ልቦለድ የማሳትም ጸሐፊ ነኝ። የመጀመሪያው መጽሐፌ አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተ ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ታሪክ ሲሆን፣ በለገሃርና በብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ባሉ አዟሪዎች እጅ ደህና ተሸጧል። ሁለተኛው ግን አክሱምን ያስገብር ነበር ከሚባለው ዘንዶ፣ ከአርዌ አፈ ታሪክ የተነሣ ምናባዊ ልቦለድ ነው፤ በአፈ ታሪኩ አንጋቦ ዘንዶውን ገድሎ ሲነግሥ፣ በእኔ መጽሐፍ ዘንዶው ይተርፋል።

ከታተሙት 1000 ቅጂዎች አብዛኞቹ ቤቴ ተከምረዋል። ምዕራፎችን በቴሌግራም በነፃ ለቀቅሁ፣ የተወሰነውንም በድምፅ አስተረክሁ፤ ማስታወቂያው በተሰራጨ ቁጥር ግን ከገዢ ይልቅ ወቃሽ ይበዛል። «ታሪካችንን አበላሸህ» የሚለው ወቀሳ ብዙም አያሳስበኝም፤ አፈ ታሪክ እኮ በየተራኪው አፍ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። የሚከብደኝ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ወድደው፣ ስሜን አምነው የገዙ አንባቢዎች ቅሬታ ነው፦ መርማሪና ፍጥነት ጠብቀው ዘንዶና ረጅም የጉዞ ትረካ ስለገጠማቸው እንደ ተታለሉ ይቆጥሩታል፤ አንድ ሐያሲም በመጽሐፍ ውይይት ላይ ይህንኑ አንሥቶ ሥራውን በሰው ፊት ክፉኛ አብጠልጥሎታል። ሽፋኑ ላይ «ምናባዊ ልቦለድ» የሚል በግልጽ ተጽፏል፤ አዟሪው ግን የሚሸጠው በደራሲው ስም ነው።

የቀጣዩ ክፍል ረቂቅ ተጠናቋል፤ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት መወሰን ይኖርብኛል። በሁለቱም ዘርፍ ያሳተማችሁ ወይም መጽሐፍ የምታከፋፍሉ ወገኖች፣ ይህን ክፍል በብዕር ስም ላውጣው ወይስ ስሜን ሳልለውጥ ሽፋኑንና የማስተዋወቂያውን መንገድ ብቻ ልለይ?