ኮሮላ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል፤ ክራንክ ሴንሰር ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ባለሙያዎች። የ2003 ኮሮላ፣ 1ዜድዜድ ሞተር። ከ30 ደቂቃ በላይ ሲነዳ ድንገት ይጠፋል። ሞተሪኖው በደንብ ያዞረዋል፣ ግን አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲበርድ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። በምርመራ ማሽን የወጣው ኮድ ፒ0335 ነው፣ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) መስመር ችግር የሚለው። አንድ ጋራዥ የነዳጅ ፓምፕ ነው ብሎ ቀየረው፣ ለውጥ የለም። ሴንሰሩን ገዝቼ ልቀይር?

መልስ 1፦ ፓምፑ ላይ የተሳሳቱት ወደው አይደለም። በቶዮታ ኮምፒውተሩ የክራንክ ሲግናል ካጣ የነዳጅ ፓምፑን ሪሌይ (መብራት የሚሰጠውን ማብሪያ ማጥፊያ) ያጠፋል፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ሲሞት ፓምፑም የሞተ ይመስላል። ግን ኮዱ የሚለው "መስመሩ ላይ ችግር አለ" እንጂ "ሴንሰሩን ቀይር" አይደለም። ሶኬቱ ወይም ሽቦውም ሊሆን ይችላል። በምርመራ ማሽን የሞተር ዙሩን እያየህ ሞተሪኖውን አስመታ። በደቂቃ ከ150 እስከ 250 ዙር ካሳየ ሲግናል አለ፣ ሌላ ነገር ፈልግ። ዜሮ ላይ ከቀረ ወደ ሴንሰሩ ውረድ። ይህን ማድረግ ያለብህ ግን ጠፍቶ እምቢ ባለበት ሰዓት ነው፤ በርዶ እያለ ብትለካው ጤነኛ ይመስልሃል።

መልስ 2፦ ሴንሰሩ ከክራንክ ፑሌጃው አጠገብ ነው፣ በአንድ 10 ቁጥር ቡሎን ተይዟል። ሁለት ሽቦ ያለው የማግኔት ሴንሰር ስለሆነ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገህ ሁለቱን እግሮች ለካ። የቶዮታዎቹ በብዛት ከ1000 እስከ 2700 ኦም ባለው ውስጥ ይወድቃሉ፣ ትክክለኛውን ልክ ከሞተሩ ማንዋል እይ። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅህ ቁጥሩን ተከታተል። ትንሽ ቢጨምር ጤና ነው፤ ድንገት መስመሩ ከተቋረጠ ውስጡ ያለው ቀጭን ጥምጥም ሽቦ ሲሞቅ እየተላቀቀ ነው። ከአንዱ እግር ወደ ሞተሩ ብረት ስትለካ ደግሞ ምንም ማሳየት የለበትም።

ጠያቂው፦ ለካሁት። በብርዱ ቁጥር ያሳያል፤ ሳሞቀው ይቋረጣል።

መልስ 1፦ የለካኸው ሶኬቱን ነቅለህ ራሱ ሴንሰሩ እግር ላይ ከሆነ አለቀ፣ ቀይረው። በሽቦው በኩል ከሆነ ግን ድገመው፤ በቺንጊያው አካባቢ የሚያልፈው ሽቦ ተፍቆ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው፦ ራሱ ላይ ነው የለካሁት።

መልስ 2፦ እንግዲያው ኦሪጅናል ፈልግ። ርካሹ ኮፒ ሲግናሉ ደካማ ከሆነ ጠዋት አስነስቶህ ማታ ያስቆምሃል። አሮጌውን ስታወጣ ጫፉን እይ፦ የብረት ብናኝ ከተጣበቀበት ወይም የተፋቀ ከሆነ ሴንሰሩ የሚያነበው፣ ክራንኩ ላይ ያለው የጥርስ ቀለበት እየነካው ነበር ማለት ነው። ቀለበቱንም ፈትሽ፤ 36 የጥርስ ቦታ ሆኖ ሁለቱ ሆን ተብሎ ባዶ የተተዉ ናቸው፣ "ተሰብሯል" ብሎ የሚያስፈራራህ እንዳይኖር። የአዲሱን ሴንሰር ጎሚኒ በትንሽ ዘይት ቀባ፣ ቡሎኑን 9 ኒውተን ሜትር ብቻ አጥብቅ። ኮዱን አጥፍተህ እስኪሞቅ ድረስ ንዳው።