ማይሌን በየትኛው አየር መንገድ ላጠራቅም?

ጥያቄ (ከሐዋሳ፣ ታቦር)፦ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካዎች መለዋወጫ ስለማቀርብ በዓመት አራት ጊዜ ያህል ወደ ጓንዡ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ዱባይ፣ አልፎ አልፎም ወደ ኢስታንቡል እመላለሳለሁ። እስካሁን የረከሰውን ቲኬት እየተከተልኩ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስ፣ በኤምሬትስ ስካይዋርድስና በቱርክ አየር መንገድ ማይልስ ኤንድ ስማይልስ የተጓዥ ደንበኞች ፕሮግራሞች ተመዝግቤ በሦስቱም ጥቂት ጥቂት ማይል (በበረሩ ቁጥር የሚጠራቀም ነጥብ) አለኝ፤ በአንዱም ግን የረባ ጥቅም አላገኘሁም። የትኛውን ብይዝ ይሻላል? ከነፃ ቲኬት ይልቅ የሚያሳስበኝ የሻንጣ ኪሎ ነው።

መልስ (ነጋዴ፣ አረብ ሰፈር)፦ ወንድሜ፣ የሚያሳስብህ ሻንጣ ከሆነ መቁጠር ያለብህ በነፃ ቲኬት የሚመነዘረውን ማይል ሳይሆን የአባልነት ደረጃ የሚያሳድገውን ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ይመዘገባሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ፣ የቱርክም የዚያው ኅብረት አባል ስለሆነ፣ የኢስታንቡል በረራህንም በሼባ ማይልስ ቁጥርህ ማስመዝገብ ትችላለህ። ጎልድ ከተባለው ከፍ ያለ የአባልነት ደረጃ ከደረስክ በኅብረቱ አየር መንገዶች ሁሉ፣ ሻንጣ በክብደት በሚለካበት መስመር ተጨማሪ 20 ኪሎ፣ በቁጥር በሚለካበት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድልሃል። ኤምሬትስ ግን በየትኛውም ኅብረት ውስጥ የለም። ከጓንዡ ወደ ሌላ የቻይና ከተማ የምትቀጥል ከሆነም ኤር ቻይናና ሸንዠን አየር መንገድ የኅብረቱ አባላት ናቸው፤ መቀመጫውን ጓንዡ ያደረገው ቻይና ሳውዘርን ግን አይደለም፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ከበረራው በኋላ ነው።

መልስ (ቲኬት ቢሮ የምትሠራ፣ ፒያሳ)፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ደንበኞቼ የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። ማይል የሚታሰበው በርቀቱ ብቻ ሳይሆን ቲኬቱ በተሸጠበት የዋጋ ምድብ ጭምር በመሆኑ፣ እርስዎ የሚከተሉት ርካሽ ቲኬት ከሙሉው ጥቂቱን ብቻ ሊያስገኝ ወይም ጨርሶ ላያስገኝ ይችላል። ምድቡ በቲኬቱ ላይ በአንድ ፊደል ይገለጻል፤ ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ፊደሉን ጠይቀው፣ ማይሉን የሚያስመዘግቡበት ፕሮግራም ለዚያ ፊደል ስንት በመቶ እንደሚሰጥ ያመሳክሩ። በነፃ የሚባለውም ቲኬት ቢሆን ታክስና የአየር ማረፊያ ክፍያ አለው።

መልስ (ከአቶቴ)፦ የዋጋው ልዩነት ከአንድ ተጨማሪ ሻንጣ ክፍያ ከበለጠ ርካሹን ይግዙ፤ ለማይል ብሎ ውድ ቲኬት መግዛት ኪሳራ ነው። ሌላው ደግሞ የስም ጉዳይ ነው። በፓስፖርቴ የአያቴ ስም ሲኖር የተመዘገብኩት በአባቴ ስም ብቻ ስለነበር፣ የአንድ ዓመት በረራዬን ለማስገባት ብዙ ደጅ ጠንቻለሁ። ስምዎን በፓስፖርቱ ፊደል አጻጻፍ ያስመዝግቡ፤ ማይሉ መግባቱን እስኪያረጋግጡም የመሳፈሪያ ወረቀቱን አይጣሉ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኤምሬትስ ያለኝን ወደ ሼባ ማይልስ ማዛወር ይቻላል?

መልስ (ነጋዴ፣ አረብ ሰፈር)፦ አይቻልም፤ አንድ በረራም ለሁለት ፕሮግራም አይመዘገብም። ያለህን ማይል የሚያበቃበትን ቀን አይተህ ለዱባይ ጉዞህ ተጠቀምበት፤ ከሚቀጥለው የጓንዡ በረራ ጀምሮ የሼባ ማይልስ ቁጥርህን ቲኬቱ ሲቆረጥ አስገባ።