ከሲያትል ሎስ አንጀለስ በባቡር፦ ለጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ይኸው፤ ለገና ከሲያትል ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ኮስት ስታርላይት በሚባለው ባቡር ተነስተን ሎስ አንጀለስ እንወርዳለን። መንገዱ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 35 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ያላችሁን ጨምሩበት።

ገንዘብ ያዥ፦ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት እንኳ የማይሞላ መንገድ! ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች እንዴት ተቀምጠው ያድራሉ?

የወጣቶች ተወካይ፦ የምንሄደው ባሕሩን ለማየት ነው እኮ። ግን በገና አይሁን፣ እባካችሁ። እኔ በታኅሣሥ ሄጄ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጫካና ተራራ ነው። ውቅያኖሱ የሚመጣው በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሳን ልዊስ ኦቢስፖን ካለፍን በኋላ ነው። ያኔ ባቡሩ ውኃው ዳር ዳር ይሄዳል፤ ማዕበሉ ሲሰበር ነጭ አረፋው ሳይቀር ይታያል። ገና ዓይኔ ሳይጠግብ መሸብኝ። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ የማየው የራሴን ፊት ብቻ ሆነ። ለእንቁጣጣሽ ብናደርገው ፀሐይ የምትጠልቀው ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዕቃ ጫኝ ባቡር እስኪያልፍ ቆመን ብንዘገይም እንኳ ብርሃን አናጣም።

አንዲት እናት፦ ልጆቼ፣ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ባቡር አያስፈራኝም፤ ደረጃው ነው የሚያስቸግረኝ።

የወጣቶች ተወካይ፦ እማማ፣ ባቡሩ ፎቅ ነው፤ ግን ታችም ወንበር አለው፣ መጸዳጃ ቤቱም እዚያው ነው። ትኬት ስንቆርጥ የታችኛውን እንጠይቃለን። ጋደም ማለት ለሚፈልግ ደግሞ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ክፍል አለ፤ ምግቡ ከዋጋው ጋር ነው።

እናት፦ እንግዲያው በሶውና ዳቦ ቆሎው በኔ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ስንመለስ ግን በአውሮፕላን፤ ሰው ሥራ አለው።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አስተካክያለሁ። ጳጉሜን 3 ረፋድ ላይ ተነስተን በማግስቱ ማታ እንገባለን። እንቁጣጣሽን ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሊትል ኢትዮጵያ እናከብራለን፤ ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ወደ ደቡብ ስንሄድ ባሕሩ በቀኝ በኩል ነው። ትልልቅ መስኮት ያለው ፉርጎ ውስጥ ቦታ አይያዝም፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል። ስለዚህ ወጣቶች ከሳን ልዊስ ኦቢስፖ በፊት ባለው ጣቢያ፣ ፓሶ ሮብልስ ላይ፣ ቀድመው ወደዚያ ፉርጎ ይግቡ፤ ባሕሩ ሲመጣ ለእናቶችና ለአባቶች ይነሱላቸው። ደረጃውን መውጣት ለሚከብዳቸው ከታች በቀኝ በኩል መስኮት አጠገብ እናስቀምጣቸው። እስከ እሑድ ድምፅ ስጡ። ታች መቀመጥ የምትፈልጉ ደግሞ ለብቻዬ ጻፉልኝ፤ እዚያ ወንበሩ ጥቂት ነው።