ለአባዱላ የጣሪያ ኤሲ ከውጭ ልላክ ወይስ ይቅርብኝ? (ጅማ)

ጥያቄ፣ ከሚኒሶታ

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖች። ጠቅልዬ ጅማ ልገባ ነው። ወንድሜ ጋ የቆመ አባዱላ አለ፤ የኋላ ወንበሮቹን አስወጥቼ መኝታ ልሠራበትና ለቡና ሥራ ከአጋሮ እስከ ጋምቤላ ልዞርበት አስቤአለሁ። እዚህ ሰው ካራቫን ጣሪያ ላይ የሚጭነውን 13,500 ቢቲዩ (ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅሙ መለኪያ ነው) ኤሲ ከዕቃዬ ጋር በኮንቴይነር ልላከው?

መልስ፣ ከዳላስ

ወንድሜ፣ እንዳትሳሳ፣ 15,000 ግዛ። እዚህ ነሐሴ ላይ ትንሹ ምንም አያደርግም።

መልስ፣ ከጅማ

የዳላሱ ወንድማችን አይቀየመኝና፣ ከቢቲዩው በፊት መብራቱ ይጠየቅ። የአሜሪካው ኤሲ የሚሠራው በ115 ቮልትና በ60 ኸርዝ (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ነው፤ የኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። «ትራንስፎርመር እገዛለታለሁ» እንዳትል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም፤ ኮምፕሬሰሩ ከልኩ በታች እየዞረ ይግላል።

ደግሞስ መንገድ ላይ ስታድር የምትሰካው የት ነው? 13,500ው ሲሠራ 1,500 ዋት ገደማ ይበላል። በ12 ቮልት ባትሪ ስታሰላው፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነው ተጨምሮ፣ ወደ 140 አምፒር ይመጣል። ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ብታስገባ እንኳ ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ከሠራ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ጄኔሬተር ካልክ፣ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ 2,000 ዋት የተጻፈበት 1,600 ቢሰጥህ ነው፣ ኮምፕሬሰሩ ደግሞ ሲነሳ ከዚያ አልፎ ይጠይቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሲንጓጓ የሚታገሥህ ጎረቤት ካገኘህ እሰየው።

ለመሆኑ ለጅማ፣ ለአጋሮ፣ ለሊሙ ኤሲ ምን ይሠራል? ማታ ብርድ ልብስ የምንደርብበት አገር እኮ ነው! ጊቤ በረሃ ይሞቃል፤ ግን የምታልፈው እየነዳህ ስለሆነ የመኪናው የራሱ ኤሲ ያሻግርሃል። የቀረችህ ጋምቤላ ናት። ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሙቀቷ ቀልድ አያውቅም። ለእሷ ብለህ 40 ኪሎ ብረት ዓመቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ከምትሸከም እዚያ ስትደርስ አልጋ ተከራይ። እምቢ ካልክ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራውን ፈልግ። የሚያቀዘቅዘው ያነሰ ነው፤ የሚበላው ግን ከ1,000 ዋት በታች ስለሆነ ከባትሪህ ጋር ይስማማል። 24 ቮልቱ ለከባድ መኪና ነው፣ በስህተት እንዳትገዛ።

ጥያቄ፣ ከሚኒሶታ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጣሪያው መቀደዱስ? ወንድሜ ፈርቷል።

መልስ፣ ከጅማ

ቢፈራም አይፈረድበትም፤ እዚህ ክረምቱ ረጅም ነው፣ የዘነጋኸው ቀዳዳ ሁሉ ፍራሽህ ላይ ይፈሳል። በመጀመሪያ ኮርኒሱን አስወርዳችሁ የጣሪያው አጥንት የት የት እንዳለ እዩ፤ እሱን የሚቆርጥ ሰው ካጋጠማችሁ መኪናውን ይዛችሁ ውጡ። የመደበኛው ኤሲ ቀዳዳ በየጎኑ 35.6 ሳንቲሜትር ነው። የአባዱላ ጣሪያ ስስ ላሜራ ስለሆነ በላሜራውና በኮርኒሱ መካከል የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ፍሬም ይግባለት፤ አለዚያ ቡሎኖቹ ሲጠብቁ ጣሪያው ይጎደጉዳል፣ ውሃም ያቁራል። የተቆረጠውን ጠርዝ ፀረ ዝገት ቀቡት። ከኤሲው ሥር ያለው ወፍራም ጎሚኒ ብቻውን ነው የሚቀመጠው፤ ሲልከን አትጨምሩበት። አራቱን ቡሎን በመስቀለኛ እያፈራረቃችሁ ጎሚኒው ግማሽ ያህል እስኪጨመቅ ብቻ አጥብቁ። ከዚያ ካለፈ ይበላሻል።

ፖርቶ መጋላው መነሳቱ አይቀርም፤ ያንን ለወንድምህ ቀድመህ ንገረው።

መልስ፣ ከአዋሳ

ጣልቃ ልግባና፣ በዚያው ቀዳዳ የጣሪያ ፋንም ይገባል። እኔ ፋን ነው ያስገባሁት። 12 ቮልት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ባትሪው ላይ የሚያጎድለው ጥቂት ነው። ኤሲ ካማረህ በኋላ ፋኑን አንስተህ እዚያው ትተክላለህ።

ጥያቄ፣ ከሚኒሶታ

እንዲህ ከሆነስ ኤሲው ይቅርብኝ፣ ፋኑን በሻንጣዬ ይዤ እመጣለሁ። በዝናብ ጊዜ ግን ክፍት ይተዋል?

መልስ፣ ከአዋሳ

ክዳኑ ላይ የዝናብ መከለያ ያለውን ግዛ፣ እየዘነበም ይሠራል። ጎሚኒውንም ትርፍ አንድ ያዝ፤ እዚህ በልኩ ላታገኝ ትችላለህ።